በማንም በጀት ያልተጻፉ ሰዎች



ዛሬ የምነግራችሁ በዋናው ስለ ገንዘብ ነው። ሀብታም አገሮች የውጭ እርዳታቸውን ሲቆርጡ ጉዳቱ በሁሉም ላይ እኩል አይወርድም። መንግሥታቸው ተበድሮም ሆነ ከሌላ በጀት ቀንሶ የሚደርስላቸው ሰዎች አሉ። ቀድሞውንም መንግሥታቸው «የእኔ ናቸው» ብሎ ያልመዘገባቸው ደግሞ አሉ። እኔ የምናገረው ስለ እነዚህ ስለ ኋለኞቹ፣ ማለትም ስለ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችና ስለ ትራንስጀንደር ሰዎች ነው። በርዕሱ ቅር እያለው የመጣ ሰው በመካከላችን ይኖራል፤ እንደዚያም ሆኖ መምጣቱን አከብራለሁ። የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ዕለት የአሜሪካ የልማት እርዳታ ለ90 ቀናት ቆሞ እንዲመረመር አዘዙ። ጃንዋሪ 24 የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታቸው በዚህ ገንዘብ የሚሠራ ሁሉ ሥራውን ባለበት እንዲያቆም የሚል ትእዛዝ አስተላለፈ። በፌብሩዋሪ መጨረሻ 5,800 ያህል የአሜሪካ የልማት ድርጅት (ዩኤስኤይድ) ውሎች ተሰረዙ፤ ጁላይ 1 ደግሞ ዩኤስኤይድ ራሱ ተዘግቶ የተረፈው ሥራ ወደ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ተዛወረ። እኛም አገር ትእዛዙ በወጣ ሰሞን በዚሁ ገንዘብ ተቀጥረው በኤችአይቪ ሥራ ላይ የነበሩ 5,000 የጤና ሠራተኞች ውላቸው መቋረጡን ሰምታችኋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በየሰፈሩ የሐዘን ድንኳን ሲተከል ላየ ሰው፣ የዚህን ገንዘብ ጥቅም ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ከተነኩት ትልልቅ ፕሮግራሞች አንዱ ፔፕፋር ነው። በ2003 በፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የተመሠረተ የአሜሪካ የኤድስ መርሐ ግብር ሲሆን፣ ከ50 በላይ አገሮች ውስጥ ሠርቷል፤ ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ከሞት እንዳዳነም ይነገርለታል። ቡሽ ወግ አጥባቂ መሪ ነበሩ፤ ለፕሮግራሙ መሳካትም የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ብዙ ደክመዋል። ይህን የማነሣው «ይህ ሁሉ የግራ ክንፍ ፖለቲከኞች ፈጠራ ነው» የሚለውን አባባል ደጋግሜ ስለምሰማ ነው። ፔፕፋር ከተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ጋር መሥራት የጀመረው ቁጥሩ አስገድዶት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ድርጅት የ2023 አኃዝ እንደሚያሳየው፣ በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ኤችአይቪ በደማቸው ያለው 0.8 በመቶ ያህል ናቸው። ከወንዶች ጋር ግንኙነት ካላቸው ወንዶች ግን 7.7 በመቶ፣ ከትራንስጀንደር ሰዎች 9.2 በመቶ ናቸው። በ2022 በዓለም ላይ አዲስ ከተያዙት ሰዎች ከግማሽ በላይ፣ 55 በመቶ ያህሉ፣ ከእነዚህና ከሌሎች ከፍተኛ ተጋላጭ ከሚባሉ ወገኖች ወይም ከእነርሱ የግንኙነት ጓደኞች መካከል ነበሩ።

ቫይረሱ በአንዳንድ የግንኙነት ዓይነቶች በቀላሉ ይተላለፋል፤ ይህ የታወቀ የሕክምና እውነት ነው። ግን ልዩነቱን በሙሉ አያስረዳም። አንድ ወጣት ጤና ጣቢያ ይሄዳል እንበል። ካርድ ክፍል ስሙን ጮክ ብለው ይጠራሉ፤ ከኋላው የእናቱ ጎረቤት ተሰልፋለች። ነርሷ «ፍቅረኛ አለህ? እሷስ ተመርምራለች?» ስትለው «አዎ» ይላል። እውነቱን ቢናገር ወይ ስብከት ይጠብቀዋል፣ ወይ ሳቅ፣ አንዳንድ አገር ደግሞ ፖሊስ። በዚያች አንዲት የሐሰት መልስ ምክንያት መመርመር ያለበት ሳይመረመር፣ መታከም ያለበት ሳይታከም ይወጣል። ብዙዎቹ ደግሞ ከነጭራሹ አይሄዱም። ለዚህ ነው አቻ ለአቻ የሚሠሩ ሠራተኞች፣ ማታ የሚከፈቱ ክሊኒኮች፣ በር ላይ ምንም ያልተጻፈባቸው ተንቀሳቃሽ መመርመሪያ መኪኖች የተፈለጉት። ውድ መሣሪያ አይደሉም፤ ዋናው ወጪያቸው ታካሚው የማይፈራው ሰው ደመወዝ ነው።

አሁን ወደ ቁርጡ ልመለስ። ጃንዋሪ 28 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማርኮ ሩቢዮ ሕይወት አድን እርዳታ እንዲቀጥል ፈቀዱ። ብዙ ሰው «እንግዲህ መድኃኒቱ አልተቆረጠም» ብሎ ተረጋጋ። ፌብሩዋሪ ውስጥ የወጣው ዝርዝር መመሪያ ግን ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ፕሬፕ የሚባለው፣ ቫይረሱ በደሙ የሌለ ሰው እንዳይያዝ አስቀድሞ የሚወስደው መድኃኒት፣ በአሜሪካ ገንዘብ እንዲሰጥ የተፈቀደው ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች ብቻ ሆነ። እናቶቹ ማግኘታቸው ተገቢ ነው፤ ማንም አይቃወምም። ግን በ2024 በዓለም ላይ ፕሬፕ ከጀመሩት ሰዎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ያገኙት በፔፕፋር በኩል ነበር። ስለዚህ ያ መመሪያ ሲወጣ፣ ከፍተኛው አደጋ ላይ ያለው ሰው በአብዛኛው አገር ሌላ የሚሄድበት አልነበረውም። ምርጫው የተደረገው በበሽታው ስርጭት መሠረት አይደለም፤ ማን ይገባዋል፣ ማን አይገባውም በሚል ፍርድ ነው። ሐኪም እንዲህ ብሎ ቢመርጥ ኖሮ ምን እንደምንለው ሁላችንም እናውቃለን።

ስለ ደቡብ አፍሪካ ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። ምክንያቱም እዚያ የሆነው ነገር «ሕጉ ጥሩ ከሆነ ሌላው ይስተካከላል» ብለን የምናምን ሰዎችን ሊያሳስበን ይገባል።

በአንድ ሰው ታሪክ ልጀምር። ሳይመን ንኮሊ የሶዌቶ ልጅ ነበር። ከአፓርታይድ ጋር ሲታገል በ1984 ታሰረ፤ በታወቀው የዴልማስ የክህደት ክስ ከነ ፖፖ ሞሌፌና ከነ ፓትሪክ ሌኮታ ጋር ተከሰሰ፤ የሞት ቅጣት ሊያስከትል በሚችል ክስ። እስር ቤት ውስጥ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆኑን ለትግል ጓዶቹ ነገራቸው። አንዳንዶቹ ከእርሱ ጋር መከሰስ አሳፈራቸው፤ ተከራከሩ፣ ተጣሉ፣ ከዚያ ግን አብረው ቆሙ። በነጻ ከተለቀቀ በኋላ በ1990 በጆሃንስበርግ የመጀመሪያውን የኩራት (ፕራይድ) ሰልፍ ካዘጋጁት አንዱ ነበር። የ1996ቱ የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ሰውን በጾታዊ ዝንባሌው ምክንያት ማግለልን ሲከለክል፣ በዚያ አንቀጽ ጀርባ የንኮሊ ዓይነት ታጋዮች ድካም ነበረ። እርሱ ራሱ ግን ኖቬምበር 30 ቀን 1998 በኤድስ ሞተ። መድኃኒቱ በዓለም ላይ ነበረ፤ ዋጋው ግን ለአፍሪካዊ የሚቀመስ አልነበረም። ከአሥር ቀን በኋላ፣ ዲሴምበር 10 ቀን፣ ኬፕታውን በሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ደረጃ ላይ ዛኪ አክማትና ጓደኞቹ የሕክምና ዘመቻ የሚባለውን ንቅናቄ መሠረቱ። ይህ ንቅናቄ የመድኃኒት ኩባንያዎችንም፣ ቫይረሱ ኤድስን ማምጣቱን ይጠራጠሩ የነበሩትን የፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪን መንግሥትም በፍርድ ቤትና በአደባባይ ታግሎ፣ በ2004 መድኃኒቱ በመንግሥት ሆስፒታሎች መሰጠት እንዲጀምር አደረገ። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በመዘግየቱ ምክንያት ከ330,000 በላይ ሰዎች እንደሞቱ ገምተዋል። ዛሬ የሚያስፈልገው ደቡብ አፍሪካዊ ሁሉ፣ ባለትዳርም ሆነ መነኩሲት፣ የሚወስደውን መድኃኒት ካስገኙት መካከል ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች በፊት መስመር ነበሩ። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል።

ታዲያ በ2025 ምን ሆነ? ደቡብ አፍሪካ ድሃ አገር አይደለችም፤ መድኃኒቱን በአብዛኛው የምትገዛው በራሷ ገንዘብ ነው። ፔፕፋር ከአገሪቱ የኤችአይቪ ወጪ የሚሸፍነው 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ስለዚህ የመንግሥት ባለሥልጣናት «መድኃኒት አይቋረጥም» ሲሉ አልዋሹም። ግን ያ 17 በመቶ የሚከፍለው በአመዛኙ ለሰዎች ነበር፤ 15,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ደመወዛቸውን ያገኙ የነበረው ከዚያ ነው። በዚያ ገንዘብ ከሚሠሩት መካከል መንግሥት በራሱ ገንዘብ ያልከፈታቸው ክሊኒኮችም ነበሩ። ጆሃንስበርግ ውስጥ ለወንዶች የተከፈተው ኢንጌጅ ሜንስ ሄልዝ ተዘጋ። የዊትስ ዩኒቨርሲቲ የጤና ምርምር ተቋም በተለያዩ ከተሞች ያቋቋማቸው የትራንስጀንደር ክሊኒኮች ተዘጉ። በአጠቃላይ ለከፍተኛ ተጋላጮች ይሠሩ የነበሩ 12 ልዩ ክሊኒኮች በራቸውን ዘጉ፤ የጤና ሚኒስትሩ አሮን ሞትሶአሌዲ ከ60,000 በላይ ታካሚዎች ፋይል በአቅራቢያቸው ወዳለ የመንግሥት ጤና ጣቢያ መተላለፉን አስታወቁ።

ፋይሉ ተላልፏል። ሰውየውስ? የደቡብ አፍሪካ የመንግሥት ጤና ጣቢያዎችን ለዓመታት በየጊዜው እየዞረ ይመለከት የነበረው ሪትሺዜ የተባለ የታካሚዎች የክትትል ቡድን ደጋግሞ ጽፎታል፤ ዘበኛው በር ላይ የሚስቅባቸው፣ ነርሷ ባልደረቦቿን ጠርታ «ኑ እዩ» የምትልባቸው፣ ወንድ ነው ሴት ናት እየተባለ በኮሪደር የሚወራባቸው ታካሚዎች አሉ። የሚያሳዝነው ሪትሺዜም በፔፕፋር ገንዘብ ይሠራ ስለነበር በዚያው ሰሞን መመታቱ ነው። ሰዎቹ ሲገፉ የሚያይ ዓይንም አብሮ ተዳከመ። በ2006 የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በሕግ ያጸደቀች አገር ናት ይህች። ለሠላሳ ዓመት ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የተጻፈው መብት ወደ ጤና ጣቢያው ወረፋ አልደረሰም፤ እስከዚያው ክፍተቱን የሚሸፍነው የውጭ ገንዘብ ስለነበረም አለመድረሱን ብዙ ሰው ልብ አላለውም።

ዩጋንዳ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ነገሩ ግልጽ ነው። በ2023 በወጣው ሕግ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በእድሜ ልክ እስራት ያስቀጣል፤ «የከፋ» የተባለው ደግሞ በሞት። በኤፕሪል 2024 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ሕጉን ባብዛኛው አጸናው፤ ሆኖም የጤና አገልግሎት ማግኘትን የሚያደናቅፉትንና ሰው ሰውን እንዲጠቁም የሚያስገድዱትን አንቀጾች ሻረ። ይህ ትንሽ በር ነበር። ከዚያ ፌብሩዋሪ 2025 ገንዘቡ ሲቆም የጤና ሚኒስቴር ለብቻቸው የሚሠሩ የኤችአይቪ ክሊኒኮች ከጠቅላላው የተመላላሽ ሕክምና ጋር እንዲዋሐዱ መመሪያ አወጣ። በበጀት ዓይን ሲታይ ምክንያታዊ ነው፤ እኔም የአንድ በሽታ ክሊኒክ ለዘላለም ለብቻው ይኑር አልልም። ነገር ግን በሕግ ወንጀለኛ የተባለ ሰው፣ ለዓመታት የሚያውቀውን ሐኪም ትቶ፣ የሚያስነጥሰውም እግሩ የተሰበረውም በተቀመጠበት አዳራሽ ውስጥ ጉዳዩን ለማያውቀው ሰው እንዲያስረዳ ተጠየቀ። በዚህ መንገድ ክትትል ያቋረጠ ታካሚ በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ከፍ ይላል፤ ወደ ሌላ ሰውም ሊተላለፍ ይችላል። ያ ሌላ ሰው የትዳር ጓደኛው ልትሆን ትችላለች። ቤተሰብ ገፍቶት ያገባ ወንድ በዩጋንዳም በሌላውም አገር ሞልቷል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ብቻ አይደለም።

ይህን ሁሉ ስል ግን ተስፋ የሚሰጥ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። ሕንድ ውስጥ ሃይደራባድ ከተማ ሚትር የሚባል ክሊኒክ በ2021 ተከፍቶ ነበር፤ የአገሪቱ የመጀመሪያው የትራንስጀንደር ክሊኒክ ነው፤ ሠራተኞቹም በአብዛኛው ከማኅበረሰቡ የመጡ ናቸው። የኤችአይቪ ምርመራም የሥነ ልቦና ምክርም ይሰጥበት፣ ጉንፋንም ይታከምበት ነበር። በ2025 መጀመሪያ ከሁለት እኅት ክሊኒኮቹ ጋር ተዘጋ። ባለሀብቱ ኢሎን መስክ የመዘጋቱን ዜና በማኅበራዊ ሚዲያ አንሥቶ የግብር ገንዘብ ለዚህ ይውል ነበር ብሎ ተሳለቀ። ወራት ሳይቆይ ግን የሃይደራባዱ ክሊኒክ በሕንዱ የታታ በጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ፣ ሳብራንግ በሚል አዲስ ስም ተከፈተ። ታይላንድ ደግሞ ከዚህም ቀድማለች። ባንኮክ ውስጥ ታንጀሪን የተባለው የትራንስጀንደር ክሊኒክ ከ2015 ጀምሮ ይሠራል፤ መንግሥት የማኅበረሰቡ አባላት ሠልጥነው እንዲመረምሩና ፕሬፕ እንዲሰጡ ፈቅዷል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የብሔራዊ የጤና መድኅኑ ለእነዚህ ማኅበራት ለሠሩት ሥራ ይከፍላል። የአሜሪካ ገንዘብ ሲቆም ታይላንድም ተጎድታለች። ሆኖም ከዋሽንግተን ውጪ ሌላ የገንዘብ ምንጭ ነበራት፤ ልዩነቱ ይህ ነው።

«የአሜሪካ ግብር ከፋይ ለምን ይክፈል?» የሚለውን ጥያቄ አልንቀውም። የትኛውም መንግሥት ለሌላ አገር ሕዝብ ለዘላለም የመክፈል ግዴታ የለበትም። አፍሪካውያን መሪዎች በ2001 አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ሊያውሉ ቃል ገብተው ነበር፤ ቃሉን የጠበቁት ጥቂቶች ናቸው። ይህን የማነሣው የራሳችንን ጥፋት በሌላ የማላክክ እንዳይመስል ነው። ነገር ግን እርዳታን አሳውቆ፣ ጊዜ ሰጥቶ፣ ተረካቢ አዘጋጅቶ መቀነስ አንድ ነገር ነው። በአራት ቀን ውስጥ መድኃኒት መጋዘን ውስጥ እያለ አዳዩን ማሰናበት ሌላ ነገር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ድርጅት ፔፕፋር ሙሉ በሙሉ ቢጠፋና ሌላ ባይተካው እስከ 2029 ድረስ 6 ሚሊዮን ተጨማሪ ሰዎች እንደሚያዙና 4 ሚሊዮን ተጨማሪ ሰዎች እንደሚሞቱ ገምቷል።

ሌላም አለ። «እነዚህ ማኅበራት የምዕራባውያን ገንዘብ ፍጡር ናቸው» ይባላል። ገንዘቡ ስንት ነበር? የለጋሾችን ወጪ የሚከታተሉ ወገኖች ለ2017 እና ለ2018 ባደረጉት ስሌት፣ ከእያንዳንዱ 100 ዶላር የልማት እርዳታ ውስጥ ለእነዚህ ማኅበረሰቦች ጉዳይ የዋለው ከ5 ሳንቲም በታች ነበር። በዚያች ሳንቲም ነው ከቤት የተባረረ ልጅ የሚያርፍበት ክፍል የሚከራየው፣ የተደበደበ ሰው ጠበቃ የሚቆምለት። ከአገር ውስጥ እንዳይሰበስቡ ደግሞ ብዙ ቦታ መመዝገብ ራሱ አይፈቀድላቸውም፤ የባንክ ሒሳብ መክፈት አይችሉም፤ ነጋዴው ስሙ እንዲነሣ አይፈልግም። የውጭ ገንዘብ ላይ ጥገኛ ያደረጋቸው ይህ ሁሉ ነው። የአሜሪካ ውሳኔም ብቻውን አልመጣም። ፌብሩዋሪ 2025 እንግሊዝ ለመከላከያ ገንዘብ ለማግኘት እርዳታዋን ከብሔራዊ ገቢዋ 0.5 በመቶ ወደ 0.3 በመቶ በ2027 እንደምታወርድ አስታወቀች። ለእነዚህ ማኅበረሰቦች ከሚሰጡት ቀዳሚ አገሮች አንዷ የነበረችው ሆላንድም እርዳታዋን ቀንሳለች። ኖቬምበር 2025 ጆሃንስበርግ ላይ ኤድስን፣ ቲቢንና ወባን ለመዋጋት የተቋቋመው ግሎባል ፈንድ 18 ቢሊዮን ዶላር ጠይቆ 11.34 ቢሊዮን ቃል ተገባለት።

ይህ ሁሉ የመጣው ደግሞ ሳይንሱ ከሁልጊዜውም የተሻለ ነገር በያዘበት ጊዜ ነው። ሌናካፓቪር የሚባል በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚወጋ መከላከያ አለ። በደቡብ አፍሪካና በዩጋንዳ ተደርጎ ውጤቱ በ2024 በታወቀው ሙከራ መርፌውን ከወሰዱ 2,134 ወጣት ሴቶች አንዲትም አልተያዘችም። ከወንዶች ጋር ግንኙነት ባላቸው ወንዶችና በትራንስጀንደር ሰዎች ላይ በተደረገው ሁለተኛ ሙከራ መርፌውን ከወሰዱ 2,179 ሰዎች የተያዙት ሁለት ብቻ ናቸው። ቤቱ ውስጥ የክኒን ብልቃጥ መደበቅ ለማይችል ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አሜሪካ ከግሎባል ፈንድ ጋር ሆና በሦስት ዓመት ውስጥ መርፌውን 2 ሚሊዮን ሰዎች እንዲያገኙ ለመደገፍ ቃል ገብታለች፤ ትኩረቷ ግን እንደገና በነፍሰ ጡሮችና በሚያጠቡ እናቶች ላይ ነው። በሙከራው ላይ ሆዳቸውን ለመርፌ የሰጡ ሰዎች፣ ውጤቱ ሲታደል ስማቸው ሳይጠራ ሊቀር ነው።

አሁን ደግሞ ገንዘቡ መንገዱን እየለወጠ ነው። አሜሪካ በአዲሱ የጤና ስልቷ እርዳታውን ከማኅበራት እየወሰደች በቀጥታ ከመንግሥታት ጋር ትዋዋላለች። ዲሴምበር 4 ቀን 2025 ኬንያ የመጀመሪያዋ ፈራሚ ሆነች፤ በዚያው ወር ዩጋንዳም ተከተለች። መንግሥት የሕዝቡን ጤና በራሱ እጅ መያዙን እደግፋለሁ። ግን ኬንያ ውስጥ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት እስከ 14 ዓመት ያስቀጣል፤ ዩጋንዳን ነግሬያችኋለሁ። ገንዘቡም የታካሚው መረጃም አሁን የሚገባው ግለሰቡን ወንጀለኛ ብሎ ወደሚጠራው መንግሥት ነው። ኬንያ ላይ ስምምነቱ በተፈረመ በሳምንቱ የተጠቃሚዎች መብት ተሟጋቾች ከስሰው፣ የናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የዜጎች የጤና መረጃ መተላለፉን ለጊዜው አገደ። ከሳሾቹ የተከራከሩት ለኬንያዊ ሁሉ ነው፤ ከእገዳው ብዙ የሚጠቀሙት ግን ፋይላቸው ቢወጣ ሥራቸውን፣ ቤታቸውን፣ ነጻነታቸውን የሚያጡት ናቸው። እንዲህ ያለ ስምምነት በማንኛውም አገር ሲፈረም ጋዜጠኞቻችን ስለ ጠቅላላው ዶላር ብቻ እንዳይጠይቁ እለምናለሁ። የአቻ ለአቻ ሠራተኛው ደመወዝ በየትኛው መስመር ተጽፏል? የታካሚውን ስም ማን ያያል? መልሱን ከሚኒስቴሩ በጽሑፍ ተቀብለው ያትሙልን።